በማክ አድራሻ ለማጣራት የቱ ይገዛ? ማይክሮቲክ ሄክስ፣ ማኔጅድ ስዊች ወይስ ሊኑክስ

በለገጣፎ፣ በሱሉልታና በሰበታ በኩል አንድ የኢንተርኔት መስመር ለበርካታ ተከራዮች የሚያካፍሉ ግቢዎችና አነስተኛ ትምህርት ቤቶች፣ መስመሩን የሚጠቀመውን መሣሪያ በማክ አድራሻ (በመሣሪያው የኔትወርክ ካርድ መለያ ቁጥር) መወሰን ሲፈልጉ ማጣሪያውን ብሪጅ (ፖርቶችን እንደ አንድ ኔትወርክ የሚያገናኝ ክፍል) ላይ ቢያደርጉት ይመረጣል፤ ብሪጅ የአይፒ አደላደሉን ሳይነካ በመካከል ይገባልና።

የማይክሮቲክ ሄክስ ራውተር፣ በተለይ አርቢ750ጂአር3 የተባለው ሞዴል፣ 5 የጊጋቢት ፖርቶች አሉት፤ በብሪጅ ማጣሪያውም የመነሻንም ሆነ የመድረሻን ማክ አድራሻ ለይቶ ያሳልፋል ወይም ይጥላል። ይሁን እንጂ ሃርድዌር ኦፍሎድ (ሥራውን ከፕሮሰሰሩ ወደ ስዊች ቺፑ የሚያዛውረው አማራጭ) ሲበራ ከፖርት ወደ ፖርት የሚሻገረው ትራፊክ በስዊች ቺፑ ውስጥ ብቻ ስለሚያልፍ ማጣሪያው አያየውም፤ ሕጉ በትክክል ተጽፎ ሳለ ያገኛቸውን ፓኬቶች የሚቆጥረው ቆጣሪ ዜሮ ላይ ይቀራል። መፍትሔው በሚመለከታቸው ፖርቶች ላይ ኦፍሎዱን ማጥፋት ነው። ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ ፓኬት በፕሮሰሰሩ በኩል ያልፋል፤ ይህ ጫና በጥቂት አሥር ሜጋቢት መስመር ላይ አይታወቅም፣ ከውስጥ ሰርቨር ትልልቅ ፋይል ለሚገለብጥ ትምህርት ቤት ግን ይሰማል። መሣሪያው ከ8 እስከ 30 ቮልት ዲሲ ስለሚቀበል በ12 ቮልት ባትሪ ያለ ኢንቨርተር ይሠራል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ለተከራይ ግቢ እሱን የምመርጠው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው።

ማኔጅድ ስዊች (ቅንብሩን ማስተካከል የሚቻል ስዊች) የሚያጣራው በቺፑ ውስጥ ስለሆነ ፍጥነት አይቀንስም፤ ለኮምፒውተር ክፍል የሚሻለውም እሱ ነው። ሆኖም «ስማርት» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ለምሳሌ የቲፒሊንክ ቲኤል-ኤስጂ108ኢ ቪላን (አንዱን ኔትወርክ በክፍሎች የሚለይ አሠራር) ቢኖረውም በማክ አድራሻ የሚያጣራ ኤሲኤል (የፍቃድና የክልከላ ሕጎች ዝርዝር) የለውም። ፖርት ሴኩሪቲም በአንድ ፖርት ስንት አድራሻ እንደሚፈቀድ ይገድባል እንጂ ኤሲኤልን ሙሉ በሙሉ አይተካም፤ ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት የሞዴሉን ዝርዝር ማንበብ ያስፈልጋል።

ሁለት የኔትወርክ ካርድ የተገጠመለት አሮጌ ዴስክቶፕ በሊኑክስ የፓኬት ማጣሪያ በኤንኤፍቴብልስ መቶዎች አድራሻዎችን በአንድ ስብስብ ይይዛል፤ ነገር ግን ኤሌክትሪክ ይበላል፣ የሚያውቀው ሰውም በአቅራቢያ ሊኖር ይገባል።

ከሦስቱ የትኛውም ቢገዛ የስልኮች ጉዳይ አይቀርም። ከ2019ኙ አንድሮይድ 10 እና ከ2020ው አይኦኤስ 14 ወዲህ ስልኮች ለእያንዳንዱ ዋይፋይ ፈጠራ ማክ አድራሻ ስለሚጠቀሙ፣ በካርቶኑ ላይ የታተመውን ቁጥር መመዝገብ አይጠቅምም፤ የማክ አድራሻው ሁለተኛ አኃዝ 2፣ 6፣ ኤ ወይም ኢ ከሆነ አድራሻው በፋብሪካ የተሰጠ አይደለም። አድራሻን አስመስሎ መቀየርም ቀላል በመሆኑ ማጣሪያው የዋይፋይ የይለፍ ቃልን አይተካም። ተከራዩ የራሱን ራውተር ከሰካ ደግሞ ብሪጁ የሚያየው የራውተሩን አድራሻ ብቻ ነው፤ ለአከራይ ይህ እንዲያውም ያመቻል፣ ለአንድ ቤት አንድ አድራሻ መዝግቦ የቀረውን ለተከራዩ መተው ይቻላልና።