ጅማ ያላችሁ ፎቶ አንሺዎች፣ ከዚህ ውድድር ራቁ

ትናንት ቅዳሜ ነው የሆነው። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ስለዚህ ጽሑፉ ቢዝረከረክ ይቅርታ። ሳልበርድ ልጻፈው ብዬ ነው። ከበረድኩ አፍሬ እተወዋለሁ፣ የውድድሩ አዘጋጆችም የሚፈልጉት ይሄንኑ ነው።

ስማቸውን አልጠራም። ታውቋቸዋላችሁ። ከአዲስ አበባ መጣን የሚሉት፣ አንገታቸው ላይ ባጅ የሚያንጠለጥሉት፣ ቴሌግራም ላይ «ዛሬ የመጨረሻ ቀን!» ብለው ለጥፈው በነጋታው ደግሞ «በተወዳዳሪዎች ጥያቄ መሠረት» አንድ ሳምንት የሚያራዝሙት። አምና የሞዴሊንግ ውድድር ነበር የሚያዘጋጁት። ዘንድሮ ኮንሴፕችዋል ፎቶግራፍ ሆኗል።

መመዝገቢያው ለአንድ ፎቶ 400 ብር። ሦስት ላክሁ፣ 1,200 ብር በቴሌብር ገቢ አደረግሁ። ከእያንዳንዱ ፎቶ ጋር ከ150 ቃል ያልበለጠ መግለጫ ጻፉ ተባልን፣ ጻፍኩ። አንዷን መግለጫ አራት ጊዜ ነው የጻፍኳት። እዚህ ላይ ነው መሳቅ ያለባችሁ።

ርዕሱ «ጉድለት» ነበር። እውነቱን ልናገርና የያዘኝ ርዕሱ ነው። እኔ ሰርግና ምረቃ ነው የማነሳው። ምረቃ ሲደርስ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ካሜራ አንጠልጥለው «ፎቶ! ፎቶ!» ከሚሉት አንዱ ነኝ። ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ ይመጣሉ፣ አንተ ታነሳለህ። በኮንሴፕችዋል ግን መጀመሪያ ሐሳቡ አለ፣ ካሜራው ኋላ ነው የሚመጣው። ዕቃውን፣ ብርሃኑን፣ የሚጎድለውን ነገር ሳይቀር አስበህ የምታዘጋጀው አንተ ነህ። ፎቶግራፈሯን አይዳ ሙሉነህን አስቡ፣ እነዚያን ፊታቸውን በቀለም የቀባቻቸውን ሴቶች። እ.ኤ.አ. በ2007 ማሊ፣ ባማኮ በሚካሄደው የአፍሪካ ፎቶግራፍ ዝግጅት ላይ ተሸለመች፣ በ2010 ደግሞ አዲስ ፎቶ ፌስት የሚባለውን የፎቶ ፌስቲቫል ጀመረች። እኔም የምረቃ ጋዋን ሳነሳ ውዬ ማታ ማታ የእሷን ሥራዎች እያየሁ ስንት ቀን አምሽቻለሁ።

ደግሞ ጆሴፍ ኮሱት የሚባል አሜሪካዊ አርቲስት አለ። እ.ኤ.አ. በ1965 አንድ ተራ ወንበር አቆመ፣ ጎኑ ላይ የዚያኑ ወንበር ፎቶ ሰቀለ፣ በሌላው በኩል «ወንበር» የሚለውን ቃል ፍቺ ከመዝገበ ቃላት ወስዶ አጉልቶ ለጠፈ። አለቀ፣ ሥራው ይኸው ነው። ይህን ያነበብኩ ቀን «ወንበርማ እኛ ጋ ነው ያለው!» ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሳቄ የት እንዳደረሰኝ አሁን ልንገራችሁ።

ቤታችን ውስጥ የአያቴ በርጩማ አለ። የጅማን በርጩማ ታውቁታላችሁ፣ ባለ ሦስት እግር፣ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ፣ መቀመጫው እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለ። ሚስማር የለው፣ ማጣበቂያ የለው። አያቴ ካረፈች ጀምሮ ማንም አይቀመጥበትም። እቴቴ፣ አክስቴ ናት፣ ቡና ስታፈላ ባዶውን ከረከቦቱ አጠገብ ታስቀምጠዋለች። እዚያ ቤት ሦስት ነበርን፣ አያቴ፣ እቴቴና እኔ። በርጩማውም ሦስት እግር ነው። አንዱ ሲጎድል ምን ይሆናል? ይሄ ነበር ሐሳቤ። ጥሩ ሐሳብ ነበር፣ አሁንም ጥሩ ነው እላለሁ።

ጓደኛዬ «አንተ ሰውዬ፣ እግሩን በስልክህ አጥፋው፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም» አለኝ። እኔ ሆዬ! «ጉድለቱ እውነት ካልሆነ ፎቶው ውሸት ነው» ብዬ ፍልስፍና ጀመርኩ። ሐሙስ ጠዋት እቴቴ ለገበያ ሄርማታ ስትወርድ ከጎረቤት መጋዝ ተዋስኩና ቆረጥኩት። ውጪው ከጭስና ከዘመን ብዛት ጠቁሯል፣ ውስጡ ግን ገና ቀላ ያለ ነበር፣ ትናንት የተጠረበ ነው የሚመስለው። ያኔ ማቆም ነበረብኝ።

አላቆምኩም። በሁለት እግሩ እንዲቆም በስስ የናይለን ክር ከጣሪያው ማገር ጋር አሰርኩት። ብርሃኑ በመስኮት ገብቶ ጥላው ግድግዳው ላይ እስኪያርፍ ጠበቅሁ። ጥላውም ሁለት እግር ነበረው፣ ይቺን ያዙልኝ። 27 ጊዜ አነሳሁ። የፈለግኳት ሃያ ሦስተኛዋ ነበረች።

እቴቴ ከገበያ ስትመለስ አየችው። ምንም አልተናገረችም። የተቆረጠውን እግር ከወለሉ አንስታ በነጠላ ጠቀለለችና ሳጥኗ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ «ና ቡና ጠጣ» አላለችኝም። በገዛ ቤትህ ቡና ተፈልቶ አለመጠራት ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። እንጨት ጠራቢ ጋ ወስጄው ነበር። ሰውዬው ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየውና «ልጄ፣ ይሄ እኮ አንድ እንጨት ነው። ብገጥምለት ምርኩዝ እንጂ እግር አይሆንም» ብሎ መለሰልኝ። ለእቴቴ «ትልቅ ውድድር ነው፣ ቆይ ታያለሽ» ከማለት ውጪ ምንም አልነበረኝም።

ታዲያ ተደወለልኝ። ድምጿ ማር ነው። «እንኳን ደስ አለህ! ፋይናሊስት ሆነሃል!» ከጣሪያው በታች ዘለልኩ። ቀጠለች፣ ለኅትመት፣ ለፍሬምና ለሰርተፍኬት 2,800 ብር፣ እስከ ነገ 6 ሰዓት፣ ካልሆነ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። ደግሞ «ለኅትመት ጥራት» ብላ ዋናውን ሮው ፋይል፣ ከካሜራው እንደወጣ ያልተነካውን፣ ላክ አለችኝ። ከፈልኩ። ላክሁ። አንድ የምረቃ ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሜ የማላገኛትን ብር። ፊልሙን ከነኔጋቲቩ አውጥቶ እንደ መስጠት ነው እኮ፣ ለማላውቀው ሰው፣ በቴሌግራም።

ትናንት እቴቴን ይዣት ሄድኩ። የበዓል ቀሚሷን ለብሳለች። የሆቴሉ አዳራሽ በር ላይ ለእሷ 200 ብር መግቢያ ክፈል ተባልኩ። «የተወዳዳሪ ቤተሰብ ናት» አልኩት። ልጁ ከስልኩ ቀና ሳይል «ሁሉም የተወዳዳሪ ቤተሰብ ነው» አለኝ። ከፈልኩ። (እስካሁን ስንት ሆነ? 4,200።)

ውስጥ ፍሬም የሚባል ነገር የለም። ሱቅ በር ላይ የሚሰቀለው ዓይነት ባነር ነው፣ ካርቶን ላይ ተወጥሮ። ሄርማታን ያነሳሁት ፎቶ የለም፣ አዌቱ ድልድይ ላይ ያነሳሁትም የለም። ግድግዳ ግድግዳውን እየተከተልን ሄድን። መጨረሻ ላይ ስፖንሰሩ፣ ማለቴ የቤት ዕቃ ሻጩ፣ ሶፋና ፍራሽ ደርድሮ የተቀመጠበት ጥግ አለ። እዚያ፣ ከሶፋው ጀርባ፣ ከሁሉም ተለቅ ተደርጋ ፎቶዬ ተሰቅላለች። ልቤ ሞቅ አለኝ፣ ትልቅ ያደረጓት ወደዋት ነው ብዬ።

ቀረብ ስል የሆነ ነገር ቅር አለኝ። ምን እንደሆነ ቶሎ አልገባኝም። ብርሃኑ የኔ ነው። ግድግዳው የኔ ነው። በርጩማው የአያቴ ነው። በርጩማው ሦስት እግር አለው።

እግሩን ቀጥለውለታል! ከአንዱ እግር ኮፒ አድርገው፣ ቀለሙን አመሳስለው፣ ቁጭ። ክሩን አጥፍተውታል። ጥላውን ግን ረስተውታል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ጥላ አሁንም ሁለት እግር ነው። ያንን ጥላ እያየሁ ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። መግለጫዬ የለም። ስሜ የለም። ከታች በቀይ «እኛ ጋ ምንም አይጎድልም» ይላል፣ ከሥሩ የሱቁ ስልክ ቁጥር።

እቴቴ መነጽሯን አድርጋ ቀረበች። አየችው። ከዚያ ዞር ብላ «እግሩን መለስከው እንዴ?» አለችኝ። በዚያ ሁለት ሳምንት ውስጥ ፊቷ ሲፈታ ያየሁት ያኔ ነው። ምን ልመልስ? «ቆይ መጣሁ» ብዬ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ።

ጠረጴዛው ላይ ባጅ ያደረገ ልጅና ያቺ ባለ ማር ድምፅ ተቀምጠዋል። ልጁ ሳምቡሳ እየበላ ነበር። ነገርኩት። እጁን በሶፍት እየጠረገ እንዲህ አለኝ፦ «ብሮ፣ የተሰበረ ነበር እኮ። ኤዲተራችን ነው ያስተካከለልህ። ተጨማሪ አላስከፈልንህም።»

የተሰበረ!

ርዕሱ ጉድለት እንደሆነ፣ ሆን ብዬ እንደቆረጥኩት፣ መግለጫው ላይ በግልጽ እንደጻፍኩት ነገርኩት። ልጅቷ ጣልቃ ገባች፣ ማሩ አልቋል። «ወንድሜ፣ መግለጫ ማን ያነባል? ስፖንሰሩ ጎዶሎ ዕቃ ከስሙ በላይ አይሰቅልም። ደንቡን አንብበሃል?» ስልኳን አዙራ አሳየችኝ። ተራ ቁጥር 11፣ የተላከ ሥራ ሁሉ ለአዘጋጁና ለስፖንሰሮቹ «ያለ ገደብና ያለ ክፍያ» አገልግሎት ይውላል። እስማማለሁ የሚለውን የነካሁት እኔ ነኝ። ብሩ እንዲመለስ ስጠይቅ ሁለቱ ተያዩና ሳቁ። ጮክ ብለው ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ሰርተፍኬቱን ሰጡኝ፣ የአባቴ ስም ተሳስቷል።

አዳራሹን ዞሬ ቆጠርኩ። 62 ሥራ ተሰቅሏል፣ 62ቱም ፋይናሊስት። ሌሎቹም እንደኔ 2,800 ከፍለው ከሆነ 173,600 ብር፣ መመዝገቢያውና በር ላይ የሚለቀሙት 200፣ 200ዎች ሳይቆጠሩ። አንደኛ የወጣውስ? «በቴሌግራም ይገለጻል።»

በሕጉ መብት አለኝ፣ የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ሥራህ ያለፈቃድህ ተዛብቶ ክብርህን ሲነካ የመቃወም መብት ይሰጣል፣ በስምህ እንዲታወቅ የመጠየቅም። ቢሆንም 2,800 ብር የበላብኝን ሰው ለመክሰስ ስንት 2,800 ልከፍል ነው? እናንተ ግን ከመክፈላችሁ በፊት ደንቡን እስከ ታች አንብቡ፣ ሮው ፋይል ለማንም አትላኩ። ወርልድ ፕሬስ ፎቶና ሶኒ ወርልድ ፎቶግራፊ አዋርድስ የሚባሉት ትልልቅ ዓለም አቀፍ የፎቶ ውድድሮች እንኳ መመዝገቢያ አይጠይቁም። ክፍያ ሁሉ ማጭበርበር ነው አልልም። «ፋይናሊስት ሆነሃል» ካሉ በኋላ ብር ሲጠይቋችሁ ግን ስልኩን ዝጉ። ምክሬ ይኸው ነው፣ እኔም ምክር የምሰጥ ሰው አይደለሁም።

ትናንት በባጃጅ ስንመለስ እቴቴን ምንም አላልኳትም። አሁንም አልነገርኳትም። ዛሬ ጠዋት ቡና አፍልታ ጠራችኝ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ። ገብቼ ስቀመጥ በርጩማው ግድግዳ ተደግፎ በሁለት እግሩ ቆሟል፣ አጠገቡ ነጠላው ተፈትቶ የተቆረጠው እግር ተቀምጧል። አቦሉን ቀዳችልኝና «እነዚያ ሰዎች ባለሙያ ናቸው፣ መገጣጠሚያው እንኳ አይታይም» አለችኝ። ከቀሚሷ ኪስ የትናንቱን የ200 ብር ትኬት አወጣች። ጀርባው ላይ አጠገቧ የነበረችን ልጅ አስጽፋ የሱቁን ስልክ ይዛለች። ነገ ሰኞ በጠዋት በርጩማውንም እግሩንም ይዘን እንሂድ ትላለች።