ሦስት ቀን ለስንት ፓርክ ይበቃል? ከወሎ ልጆች ይዞ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው

እህቴ ከአቡዳቢ ለአንድ ወር እረፍት ልትመጣ ነው። ለልጆቿ በኢሞ ቃል ገብታላቸዋለች። «ስመጣ አዲስ አበባ ወስጄ ፓርክ አሳያችኋለሁ» ብላ። ልጆቹ ደሴ እኔ ጋ ነው የሚኖሩት። ትልቁ 13 ዓመቱ ነው፣ መካከለኛዋ 9፣ ትንሿ 5። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ወሬ የላቸውም።

ባለፈው ስትመጣም ሄደን ነበር። በሦስት ቀን አራት ቦታ እናያለን ብለን ተነሳን። አንድነት ፓርክን፣ ወዳጅነት ፓርክን፣ እንጦጦንና ቢሾፍቱ ያለውን የኩሪፍቱ የውኃ ፓርክ። አራቱንም ረገጥናቸው። ትንሿ ግን ቤተ መንግሥቱን ያለፈችው ጀርባዬ ላይ ተኝታ ነው። ትልቁ ከውኃው እያለቀሰ ወጣ። ገና ሁለት ሰዓት ሳይጫወት የተከራየነው መኪና ቀጠሮ ደርሶ ነበር። የወጣው ብር እህቴ በሰው ቤት ለፍታ ያጠራቀመችው ነው። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ዘንድሮ ያ እንዳይደገም አራቱን ቁጭ ብዬ አነጻጸርኳቸው። ከደሴም ከኮምቦልቻም፣ ከሐይቅም ከወልድያም ይህንኑ የሚያስብ ቤተሰብ ብዙ ስለሆነ እዚህ ጻፍኩት።

መጀመሪያ መንገዱን ቁጠሩ

ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአውቶቡስ በሌሊት ተነስታችሁ ስትደርሱ ቀኑ አልቋል። መመለሻውም እንደዚያው። ስለዚህ «አምስት ቀን አለን» የሚል ሰው በእጁ ያለው ሦስት ቀን ነው። «ሦስት ቀን አለን» የሚል ደግሞ አንድ ቀን ብቻ ነው ያለው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እኛም የተሳሳትነው እዚህ ነው።

ከሸዋ ሮቢት በኋላ ደብረ ሲና ላይ ዳገቱ ይጀምራል። ጠመዝማዛው ልጅ ያስመልሳል። ፌስታልና ሎሚ በእጃችሁ ይሁን። የጣርማ በር ዋሻ ግን ለልጆች ራሱን የቻለ ጨዋታ ነው። ጣሊያን የሠራው የድሮ ዋሻ ነው። የእኛዎቹ ጨለማው ውስጥ ስንገባ የጮሁትን ጩኸት እስከ ደብረ ብርሃን ሲያወሩት ነበር።

ጊዜ የሌለው ሰው ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን መሄድ ይችላል። በረራው አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ለአምስት ሰው ግን ትኬቱ የፓርኩን ወጪ ብዙ እጥፍ ይሆናል። እኔ የምመክረው ልጅ አንድ፣ ቀን ሁለት ብቻ ላለው ሰው ነው።

በየብስ የምትሄዱ ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ከሾፌሮች ጠይቁ። ትናንት የተመላለሰ ሾፌር የሚነግራችሁን ስሙ። በባቲና በሚሌ፣ በአፋር በኩል ዞራችሁ የምትገቡ ከሆነ ደግሞ ዕቅዱን ገልብጡት። በአዋሽና በአዳማ ስለምትመጡ ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ በፊት ነው የምትገኘው። የውኃ ፓርኩን መጀመሪያ አድርጉት፣ ከተማውን በኋላ።

ቤተ መንግሥቱና ጎረቤቶቹ

አንድነት ፓርክ ያለው አራት ኪሎ፣ ምኒልክ ባሠሩት ታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ነው። ለሕዝብ የተከፈተው በ2012 ዓ.ም. ነው። ያኔ መደበኛው መግቢያ 200 ብር፣ የልዩ እንግዳው 1000 ብር ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ጨምሯልና የአሁኑን ዋጋ ደውላችሁ አረጋግጡ። በር ላይ ጠበቅ ያለ ፍተሻ አለ። መታወቂያ እንዳትረሱ።

ለወሎ ልጅ ይህ ቦታ ከሌላው የተለየ ትርጉም አለው ብዬ አምናለሁ። የደሴ ልጅ የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ ያውቀዋል። ትልቅ ትንሽ ሳይባል፣ ማንም ሳይጠየፍ ግብር የሚበላበት ቤት ነበር። ልጁን አንድነት ፓርክ ያለው የምኒልክ ግብር አዳራሽ ውስጥ አቁሙትና «ከአይጠየፍ ጋር አወዳድረው» በሉት። ዓይኑ ወዲያው ይከፈታል። ንጉሥ ሚካኤል የምኒልክን ልጅ አግብተው እንደነበር ንገሩት። ልጃቸው ልጅ ኢያሱ እዚሁ ወሎ ተወልደው የአያታቸው አልጋ ወራሽ እንደሆኑም ጨምሩለት። የ13 ዓመቱ ልጃችን ባለፈው ጊዜ አንድ ሰዓት ሙሉ ከኔ ጋር የተከራከረው በዚህ ነው። ስልኩን እንኳ አልነካም።

በዙፋን ቤቱ የአፄ ኃይለ ሥላሴ የሰም ምስል ዙፋን ላይ ተቀምጦ ይታያል። ከሥሩ ደግሞ ደርግ የንጉሡን ባለሥልጣናት ያሰረበት ምድር ቤት አለ። ምድር ቤቱን ለትንንሾች አልመክርም። ይከብዳቸዋል፣ ማታም ያስቃዣቸዋል። እነሱን ወደ እንስሳቱ ውሰዷቸው። ጥቁር ጎፈር ያለው አንበሳ ለ5 ዓመት ልጅ ከዙፋን ይበልጣል።

ድካሙ ግን እውነት ነው። ግቢው ሰፊ ነው፣ 40 ሄክታር ያህል ይሆናል። ዳገትና ቁልቁለት አለው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ግቡና ከ7 ሰዓት በፊት ጨርሱ። ትንሽ ልጅ ካላችሁ ከሰዓት በኋላ አትሞክሩት።

ወዳጅነት ፓርክ እዚያው አጠገብ፣ ሸራተን በኩል ነው። ሰው ሠራሽ ሐይቅና ፏፏቴ፣ ሰፊ መስክ፣ መቀመጫ አለው። ለብቻው ከወሎ ድረስ የሚያስመጣ ቦታ አይደለም። ከቤተ መንግሥቱ በኋላ ጫማ አውልቆ ለማረፍ፣ ልጅ ለመልቀቅ ግን የተሻለ አላገኘሁም። ሲመሻሽ መብራቱ ሲበራ ያምራል። ሳይንስ ሙዚየሙም በዚያው ሰፈር ነው። ስለዚህ እነዚህን እንደ አንድ ቦታ ቁጠሯቸው። አንድ ቀን፣ አንድ ሰፈር፣ ትንሽ የታክሲ ወጪ።

ዝናብ ከመጣ ፒያሳ ያለው የዓድዋ ሙዚየም ያድናችኋል። የተከፈተው በ2016 ዓ.ም. ነው። ለዓድዋ ዘመቻ ምኒልክ ሠራዊቱን የቀጠሩት ወረኢሉ ላይ እንደሆነ ለልጆቹ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። የሰፈራቸውን ስም ይዘው ሲገቡ ሌላ ሰው ይሆናሉ።

እንጦጦ ወይስ ጦሳ?

እንጦጦ ፓርክ የተከፈተው በ2013 ዓ.ም. ነው። ስፋቱ 1300 ሄክታር እንደሆነ ይነገራል። ከፍታው 3000 ሜትር አካባቢና ከዚያ በላይ ነው። ባሕር ዛፍ፣ የእግር መንገድ፣ ፈረስ፣ ብስክሌት፣ በሽቦ ተንጠልጥሎ መንሸራተት አለ። አየሩ ንጹሕ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ቢወደው አልፈርድበትም።

ለደሴ ልጅ ግን የጦሳ ተራራ አለለት። አዝዋ ገደል ላይ ቆሞ ከተማውን ቁልቁል ማየት የለመደ ልጅ፣ ለተራራና ለባሕር ዛፍ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ብዙም አይደነቅም። የእኛዎቹ አልተደነቁም። «ጦሳን ይመስላል» አለች መካከለኛዋ፣ ከዚያ ጭማቂ ጠየቀች። ብርዱም ያው የደሴ ብርድ ነው። ከባቲ ወይም ከከሚሴ ለሚመጣ ልጅ ፍርዴ ይለያል። ቆላ ያደገ ልጅ ጉሙንና ቅዝቃዜውን እንደ ጉድ ነው የሚያየው። ወፍራም ሹራብ ያዙለት እንጂ ውሰዱት።

ሌላው ነገር አከፋፈሉ ነው። እዚያ ጨዋታው ለየብቻው ይከፈልበታል። ፈረሱ ለብቻ፣ ሽቦው ለብቻ። ሦስት ልጅ ካላችሁ ሳታውቁት ኪሳችሁ ይራቆታል። ከመግባታችሁ በፊት «ለእያንዳንዳችሁ አንድ ጨዋታ» ብላችሁ ተስማሙ። ከ12 ዓመት በላይ የሆነ ጉልበተኛ ልጅ ብቻ ከሆነ የያዛችሁት፣ እንጦጦ የሚገባውን ደስታ ይሰጠዋል።

ውኃው

አሁን ወደ ዋናው መጣሁ። ልጆቹን «አንድ ብቻ ምረጡ» ብትሏቸው ሦስቱም የሚሉት ኩሪፍቱ ነው። የደሴ ልጅ ሐይቅን ያውቃል፣ ሎጎንም አርዲቦንም አይቷል። ማዕበል የሚሠራ ገንዳና ከፎቅ የሚያንሸራትት ቱቦ ግን ወሎ ውስጥ የለንም። አዲስ ነገር የምትከፍሉበት እዚህ ነው።

ቢሾፍቱ፣ ብዙ ሰው አሁንም ደብረ ዘይት የሚላት፣ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከቃሊቲ በሚኒባስ ይኬዳል። ቤተሰብ ሆናችሁ መኪና ከተከራያችሁ ለሙሉ ቀን ይሁን። እኛን ያስለቀሰን የግማሽ ቀን ኪራይ ነው። ከፍታዋ 1900 ሜትር አካባቢ ስለሆነ አየሯ ከደሴ ይልቅ ኮምቦልቻን ይመስላል። ፀሐዩ ያቃጥላል። ኮፍያና የፀሐይ ቅባት ያዙ።

መግቢያው ከአራቱ ውዱ ነው። ግን በሰዓት አካፍሉት። ከጠዋት እስከ ማታ የሚጫወትበትን ልጅና እንጦጦ ላይ ለአንድ ዙር ፈረስ የከፈላችሁለትን አስተያዩ። ውድ የመሰለው ርካሽ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ይህ የሚሆነው ግን ሙሉ ቀን ከቆያችሁ ብቻ ነው።

ስለ ልብስ አስቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። ጂንስና የጥጥ ልብስ ለብሶ ውኃ መግባት በብዙ መዋኛ አይፈቀድም። የእኛ ቤት ሙስሊምም ክርስቲያንም አለበት፣ ወሎ ነን። እህቴ ሙሉ ሰውነት የሚሸፍን የዋና ልብስ ከዚያው ይዛ ትመጣለች። ለሴት ልጆቻችሁ እንዲህ ያለውን የምትፈልጉ እናቶች ቀድማችሁ አዘጋጁ፣ በር ላይ አትሳቀቁ። ስለ ሐላል ምግብና ስለ ጾም ምግብም በዚያው ስልክ ጠይቁ። ረጃጅሞቹ መንሸራተቻዎች ላይ የቁመት ገደብ ይኖራል ብላችሁ አስቡ። ትንሿን «አንቺ አትገቢም» የሚላት ሰው ከመምጣቱ በፊት እናንተ ቤት ሳላችሁ ንገሯት።

ወቅቱም ወሳኝ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ዝግ ቢሆንም ለውኃ ፓርክ አይሆንም። ዝናቡም ብርዱም አለ። የመንፈቅ ዓመቱ እረፍት፣ ጥርና የካቲት አካባቢ፣ ከሁሉ ይሻላል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። በኢሬቻ ሰሞን ደግሞ ቢሾፍቱ በሰው ትሞላለች። መንገዱም ማደሪያውም ይጨናነቃል። በዓሉን ለማየት ካልሆነ በሌላ ሳምንት ሂዱ።

እህቴ አቡዳቢ ያለውን ፌራሪ ወርልድ አይታለች። እዚያ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር የሚወነጨፍ ባቡር አለ። እሷ ግን አልተሳፈረችበትም። የአሠሪዎቿን ልጆች ይዛ ሄዳ፣ ቦርሳቸውን ታቅፋ ታች ቆማ ነው የጠበቀቻቸው። እኛ አገር እንደዚያ ያለ ባቡር የለም። የመኪና ጨዋታ የሚወድ ልጅ ቦሌ በኩል ቦራ አለለት፣ ልኩ ግን የሰፈር መዝናኛ ነው። ይህን ስነግራት «እኔ ባቡሩን አይደለም የፈለግኩት» አለችኝ። «የሰው ልጆች ሲስቁ ነው የኖርኩት። አሁን የራሴን ልይ።»

ታዲያ የቱን ልምረጥ?

ከተማ ውስጥ አንድ ቀን ብቻ ካላችሁና ልጆቹ ከ10 ዓመት በታች ከሆኑ፣ ሳታመነቱ ቢሾፍቱ። አንድ ቀን ብቻ ኖሯችሁ ልጆቹ ታሪክ የሚወዱ ከሆነ፣ ወይም አያት ይዛችሁ ከሆነ፣ አንድነት ፓርክና ከሰዓት በኋላ ወዳጅነት። አያቶች ውኃው ዳር ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ይሰለቻቸዋል። ዙፋኑን ሲያዩ ግን ዘመናቸውን ያስታውሳሉ።

ሁለት ቀን ካላችሁ ሁለቱንም። መጀመሪያ ቤተ መንግሥቱን፣ በማግሥቱ ውኃውን። ይህን ቅደም ተከተል አትለውጡ። ውኃውን ያየ ልጅ በማግሥቱ ሙዚየም ውስጥ አይቆምላችሁም።

ሦስተኛ ቀን ካገኛችሁ ምንም አትጨምሩበት። በጠዋት ተኙ፣ መርካቶ ውረዱ፣ ዘመድ ጠይቁ። እንጦጦን እዚህ ቀን ላይ ማስገባት የሚገባው ከቆላ ለመጣ ቤተሰብ ነው።

ማደሪያ የምትፈልጉ ሰዎች ላምበረት መናኸሪያ አካባቢ ብታድሩ ለመመለሻው ይቀላችኋል። ለቢሾፍቱው ቀን ግን ከዚያ መነሳት ረጅም ነው። እኛ ቤተ መንግሥቱን ባየንበት ማታ ወደ ቢሾፍቱ ሄደን እዚያው ልናድር ወስነናል። ጠዋት በሩ ሲከፈት በር ላይ እንሆናለን። ለአንድ ሌሊት ማደሪያ የምንጨምረው ብር ለልጆቹ የሦስት ሰዓት ጨዋታ ይገዛል።

ስንመለስ ደብረ ሲና ላይ ወርደን ቆሎ እንገዛለን፣ ለጎረቤት ባዶ እጅ አይገባም። እህቴ የምትደርሰው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ትንሿ የዋና መነጽሯን ከአሁኑ ቦርሳ ውስጥ ከትታዋለች፤ ማታ ማታ እያወጣች ታየዋለች።