የሰመጠ ሶፋ፦ ኮምፔርሳቶ ወይስ አዲስ ስፖንጅ?

መጀመሪያ መቀመጫውን አንሡና መሬት ላይ አድርጋችሁ ተጫኑት። ቶሎ ከተመለሰ ስፖንጁ ደህና ነው፤ የላላው ከሥር ያለው ላስቲክ ወይም ሞላ ነው። ለዚህ ኮምፔርሳቶ ይበቃል። በልኩ አስቆርጦ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ከሥር መሸጎጥ ነው። ርካሽ ነው፤ ግን መቀመጫው ጠንከር ይላል። ጎንደር ላይ ደግሞ ቡና የተጠራ እንግዳ በረካውን ሳይጠጣ አይነሳም፣ ወገቡን ማሰብ ነው!

ስፖንጁ ራሱ ጎድጉዶ ከቀረ ግን ጣውላ አያድነውም። ቅዳሜ ገበያ ወረድ በሉና ጠንከር ያለ ስፖንጅ ፈልጉ። ጨብጣችሁ ስትለቁት ወዲያው ካልተነፋ ተዉት። ከጨርቁ ልክ 2 ሴንቲሜትር ያህል አስበልጣችሁ ቁረጡ፤ አለዚያ ማዕዘኑ ይሸበሸባል። ወጪው ከበድ ይላል። እኔ ለሳሎን ስፖንጁን እመርጣለሁ፤ ልጆች ለሚዘሉበት ኮምፔርሳቶው ይበቃል።