ኢፕሰን ፐርፌክሽን ቪ600፦ የድሮ አልበም ላላችሁ ሁሉ የምመክረው ስካነር

ለቸኮለ ሰው ባጭሩ፦ እቤታችሁ የድሮ አልበም ካለ፣ በተለይ ከፎቶው ጋር ኔጋቲቭም ተቀምጦ ከቆየ፣ ይሄን ስካነር ግዙ ወይም ካለው ሰው ተዋሱ። ያሏችሁ ፎቶዎች ጥቂት ከሆኑና ኔጋቲቭ ከሌለ ግን ይሄን ያህል ብር ማውጣት አያስፈልግም፣ ወደ ታች ላይ እነግራችኋለሁ።

እኛ ቤት ያለው ምን መሰላችሁ፣ እማዬ ወደ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ስትመጣ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር በሻንጣ ይዛው የመጣችው አልበም አለ፣ በፖስታ የታጨቀ ጉርድ ፎቶ አለ፣ የአባቴ የድሮ መታወቂያና መንጃ ፈቃድ፣ ከዛ ደግሞ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የተቀመጠ ኔጋቲቭ። ስልክ ላይ ፎቶ እያነሳን ፋሚሊ ግሩፕ ላይ ስንለጥፍ ነው የኖርነው፣ ግን እሱ ማስቀመጥ አይባልም። የመብራቱ ነጸብራቅ ፊት ላይ ያርፋል፣ ጠርዙ ይጣመማል፣ ቴሌግራም ደግሞ እንደ ፎቶ ስትልኩት ይጨምቀዋል። (በነገራችን ላይ ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፣ ያኔ ጥራቱ ሳይቀንስ ይደርሳል፣ እስከ 2 ጊጋ ድረስ ይቀበላል፣ ይሄን ለዘመድ ሁሉ ንገሩ።)

ስለ ማሽኑ። ቪ600 ከፈት አድርገህ መስታወቱ ላይ የምታስተኛበት ዓይነት ነው፣ መስታወቱ ከኤፎር ትንሽ ነው የሚለየው፣ ክብደቱ 4 ኪሎ አካባቢ። ውስጡ ያለው ሴንሰር ሲሲዲ የሚባለው ነው፣ ይሄ ነገር ለኛ ለምን እንደሚጠቅም ላስረዳ፦ ርካሾቹና ቀጫጭኖቹ ስካነሮች፣ ለምሳሌ የዚሁ የኢፕሰን ቪ39፣ ሲአይኤስ በሚባል ሴንሰር ነው የሚሰሩት፣ መስታወቱ ላይ ልጥፍ ያለውን ነገር ብቻ ነው አጥርተው የሚያነቡት። የኛ የድሮ ፎቶ ግን ልጥፍ አይልም። ጫፉ ይጠቀለላል፣ ወፍራም ካርቶን ላይ ተለጥፎ መሃሉ ይጎብጣል፣ ወይም ሳሎን ግድግዳ ላይ ለብዙ ዓመት ተሰቅሎ ከፍሬሙ መስታወት ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። ሲሲዲው ከመስታወቱ ትንሽ ከፍ ያለውንም ያያል። ከፍሬም መስታወት ጋር የተጣበቀውን እባካችሁ ለማላቀቅ አትሞክሩ፣ የፊት ቆዳው መስታወቱ ላይ ይቀራል፣ ከነመስታወቱ ስካን አድርጉት።

አልበሙ ያ ፕላስቲክ የሚገለጥበት፣ ውስጡ ሙጫ መስመር መስመር ያለበት ዓይነት ከሆነም እንደዛው ነው። ሙጫው ከጊዜ በኋላ ቢጫ ይሆናል፣ ፎቶውንም ይበላዋል። የጥርስ ክር፣ ሰም ያልተቀባውን፣ ከፎቶው ስር አስገብታችሁ ቀስ እያላችሁ እንደ መጋዝ ብታንሸራትቱት ብዙውን ጊዜ ይላቀቃል፣ እምቢ ካለ ተዉት፣ ገጹን እንዳለ መስታወቱ ላይ አስተኙት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፣ ጉርድ ፎቶ። እኛ አገር ከዛ ዘመን የተረፈው ምስል ብዙው ጉርድ ነው፣ ለትምህርት ቤት፣ ለመታወቂያ፣ ለሥራ ማመልከቻ የተነሱት። 3 በ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነች ፎቶ በ300 ዲፒአይ (ስካነሩ በአንድ ኢንች ውስጥ የሚያነበው የነጥብ ብዛት ነው) ብታነሷት 354 በ 472 ፒክሰል ብቻ ነው የምትወጣው፣ ስልክ ላይ እንኳን ሰፋ ስትደረግ ትበታተናለች። በ1200 ስታነሷት ግን 1417 በ 1890 ትሆናለች፣ ያኔ ነገሩ ሌላ ነው። የአጎቴን ጉርድ እንደዛ አድርጌ ቲቪው ላይ ሳወጣው ኮቱ ላይ ሁልጊዜ ቆሻሻ የሚመስለን ነጥብ ዓርማ ሆኖ ተገኘ። ፊደሉ አይነበብም፣ ቅርጹ ግን ግልጽ ነው። እማዬ መነጽሯን አድርጋ ቀረብ ብላ አየችውና "ይሄማ ሐረር መምህራን ማሰልጠኛ እያለ የሚያደርጋት ናት" አለች፣ እኛ ደግሞ ከሷ በቀር ሐረር መማሩን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረንም፣ ልጆቹም ጭምር። ከዛ ወሬው ቀጠለ፣ ማን እንዳስገባው፣ በምን አውቶቡስ እንደሄደ፣ ከማን ጋር ዶርም እንደነበር። ለዚህ ነው ትንሿን ፎቶ አትናቁ የምለው። ለተራው 10 በ 15 ፎቶ 600 ዲፒአይ ይበቃል፣ ለጉርድ ግን 1200 አድርጉ። ስካነሩ እስከ 6400 ይሄዳል፣ እሱ ለወረቀት ፎቶ ምንም አይጨምርላችሁም፣ ፋይሉን ማሳበጥ ብቻ ነው።

የፎቶውን ጀርባ! ይሄን በትልቁ ጻፉልኝ። ስካን እናደርግላችኋለን የሚሉ አብዛኞቹ ሰዎች ፊቱን ብቻ ሰጥተዋችሁ ነው የሚሄዱት። የኛ ሰው ግን ታሪኩን የሚጽፈው ጀርባው ላይ ነው። አክስቴ ለእማዬ ከሰጠቻት ፎቶ ጀርባ ላይ በሰማያዊ ቢክ፣ በዛ በሚያምረው የድሮ እጅ ጽሑፍ፣ "ለውድ እህቴ፣ ስታዪኝ እንድታስታውሺኝ። ሐምሌ 5 ቀን 1961 ዓ.ም." ይላል፣ ከስሩ ደግሞ የፎቶ ቤቱ ማህተም ግማሹ ጠፍቶ ግማሹ ይነበባል። ማህተሙ ከተማውን ይነግራችኋል፣ ጽሑፉ ማን ለማን እንደሰጠ ይነግራችኋል፣ ቀኑ ደግሞ ሁሉንም ያስተሳስራል። ጀርባውንም በከለር ነው ስካን የምታደርጉት፣ ጥቁርና ነጭ ካደረጋችሁት የደበዘዘው ቀለም ይጠፋል። ፋይሉን አንድ ዓይነት ስም ሰጥታችሁ መጨረሻው ላይ ፊቱን "ሀ" ጀርባውን "ለ" ብትሉት አይለያዩም።

ቀኑ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ኮምፒውተሩም የቤተሰብ ዛፍ ፕሮግራሞቹም የሚያውቁት የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 1961ን እንዳለ ብታስገቡት አክስቴ ከመወለዷ በፊት ያገባች ዓይነት ነገር ነው የሚመጣው። ሐምሌ 5 ቀን 1961 ማለት ጁላይ 12 ቀን 1969 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 7 ትደምራላችሁ፣ ከዛ በኋላ ጳጉሜን እስኪያልቅ 8። እኔ በፋይሉ ስም ላይ የኛን ዓመት አስቀድሜ "ዓ.ም." ብዬ፣ የፈረንጁን ደግሞ አስከትዬ ነው የምጽፈው፣ እዚህ የተወለዱት ልጆች ያለዚህ ግራ ይጋባሉ።

አሁን ደግሞ የሚያናድደኝን ልናገር። ከዚህ በፊት የአያቴን ፎቶ ለአንድ ፎቶ ቤት ሰጥተን ነበር፣ ስሙን አልጠራም፣ "ሪስቶር" እናደርግላችኋለን ብለው በኤአይ ነገር አጽድተው መለሱልን። ፊቷ ለስልሶ፣ አይኗ አብርቶ፣ ሹሩባዋ ሁሉ ተስተካክሎ መጣ፣ ግን አንገቷ ላይ ያለው ንቅሳት የለም! የፎቶ እድፍ መስሎት ጠርጎ አጠፋው። እማዬ ፎቶውን ይዛ ዝም ብላ ቆየችና "ይቺ ማናት?" ነው ያለችው። የአንገቷን ንቅሳት ልጅ ሆና እንዴት እንደተነቀሰች፣ ስንት ቀን እንዳመማት አያቴ ራሷ ትተርክልን ነበር፣ ያ ንቅሳት ነው እኮ አያቴ። ስለዚህ ማስዋብ የፈለገ ኮፒው ላይ ያስውብ፣ ኦሪጅናሉ ስካን ግን ከነቁስሉ፣ ከነጭረቱ፣ ከነቡና ጠብታው ጥራቱን በማይቀንሰው በቲፍ ፋይል ይቀመጥ። 10 በ 15 ፎቶ በ600 ሲነሳ ወደ 25 ሜጋ ይሆናል፣ ለዚህ ዘመን ሃርድ ዲስክ ምንም አይደለም። ሁለት ዲስክ ላይ ገልብጣችሁ አንዱን ሌላ ዘመድ ቤት አስቀምጡ።

የቪ600 ሶፍትዌርም የራሱ ማስተካከያዎች አሉት፣ የደበዘዘ ከለር መመለሻ አለ፣ አቧራ ማጥፊያ አለ፣ ዲጂታል አይስ የሚባለውም አለ። እኔ መጀመሪያ ስካን ሳደርግ ሁሉንም አጠፋቸዋለሁ። ዲጂታል አይስ ለከለር ኔጋቲቭ እውነትም ድንቅ ነው፣ በኢንፍራሬድ ብርሃን አቧራውንና ጭረቱን ከምስሉ ለይቶ ያወጣዋል። ለጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ ግን አይሆንም፣ ምክንያቱም የጥቁርና ነጭ ፊልም ምስሉ የተሠራው ከብር ነው፣ ብሩ ኢንፍራሬዱን ስለሚያግደው ማሽኑ ምስሉን ራሱን እንደ ጭረት ያየዋል። የ50ዎቹና የ60ዎቹ የኛ ኔጋቲቭ ብዙው ጥቁርና ነጭ ነው፣ ስለዚህ ማጥፋታችሁን እዩ። አቧራውን በአየር መንፊያ ወይም በለስላሳ ብሩሽ ቀድማችሁ አራግፉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ግን በጭራሽ።

ኔጋቲቩ ላይ ነው እንግዲህ ይሄ ስካነር ዋጋውን የሚያወጣው። ክዳኑ ውስጥ መብራት አለው፣ ማስቀመጫውም አብሮ ይመጣል፣ ስድስት ስድስት ምስል ያላቸውን ሁለት ቁራጭ ፊልም ይይዛል። ለ35 ሚሊ ሜትር ፊልም 2400 ዲፒአይ ጥሩ ነው። ከቆርቆሮው ውስጥ ያወጣነው ኔጋቲቭ ላይ በወረቀት ታጥቦ የማያውቅ ምስል ነበረ፣ የእማዬ ሰርግ ላይ ድንኳኑ ውስጥ ሴቶች ሲጨፍሩ። አልበሙ ውስጥ ሙሽሮቹ ቀጥ ብለው የቆሙበት ብቻ ነው ያለው፣ ያን ጊዜ ማሳጠብ ውድ ስለነበር መርጠው ነው ያሳጠቡት። እኛ ቤት ስለሰርጉ የምናውቀው ነገር ሁሉ በዛ ምርጫ ነው የተወሰነው ማለት ነው።

ማሽኑ ፈጣን አይደለም፣ ይሄን አውቃችሁ ግቡ። መስታወቱ ላይ ብዙ ፎቶ በአንዴ ደርድራችሁ ለየብቻ ቆራርጦ ያወጣል፣ ቢሆንም በእጅ ማስቀመጥና ማንሳት ነው። ፋስትፎቶ ኤፍኤፍ-680ደብሊው የሚባል የዚሁ የኢፕሰን ሌላ ማሽን አለ፣ ክምር ፎቶ ከላይ አስገብታችሁ በ300 ዲፒአይ በሰከንድ አንድ ፎቶ፣ ጀርባውንም አብሮ ያነሳል፣ ግን በሮለር ስቦ ነው የሚያስገባው። የ80ዎቹና የ90ዎቹ የከለር ፎቶ ክምር ላለው አሪፍ ነው፣ ጠርዟ ጥርስ ጥርስ ያላትን የጃንሆይ ዘመን ፎቶ ግን እኔ እዛ ውስጥ አላስገባም።

ቀስ ማለቱን ግን እኛ ወደነዋል። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ተፈልቶ፣ ስካነሩ ጠረጴዛው ላይ፣ እማዬ አጠገቤ፣ ስልኬ ድምፅ እየቀዳ። "ታሪክሽን ንገሪኝ" ብትሏት "ምን ታሪክ አለኝ ልጄ" ነው የምትላችሁ። ፎቶውን አሳይቶ "ከግራ ሁለተኛዋ ማናት? ይሄ ቤት የማን ነው? ነጠላዋን ለምን እንዲህ ለበሰችው?" ሲባል ነው የሚመጣው። (ለቅሶ ላይ የተነሳ ፎቶ መሆኑን በነጠላው አለባበስ ነው ያወቅነው።) ዘር ስትቆጥር ደግሞ በአባቷ በኩል እስከ ሰባት ቤት ሳትተነፍስ ትወርደዋለች፣ ልጅ ሆነው ለጋብቻ ሲባል ያስጠኗቸው ስለነበር። እዚህ ላይ አቋርጣችሁ "የሱ እናትስ?" በሉ፣ ቆጠራው በወንድ ስለሚሄድ የሴቶቹ ስም ካልተጠየቀ አይወጣም። የክርስትና ስም፣ የክርስትና አባትና እናት፣ አሳዳጊ ካለም አሳዳጊ፣ ሁሉንም ጠይቁ።

የተቀዳውንና የተሰካነውን የምታስቀምጡበት ዛፍ ከፈለጋችሁ ፋሚሊሰርች ነፃ ነው፣ ፎቶም ድምፅም ይቀበላል። ከመጀመራችሁ በፊት ግን የምታውቁት ነገር ይኑር። ድርጅቱ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ነው፣ በነሱ እምነት አባላቱ ለሞቱ ዘመዶቻቸው ጥምቀት ያስፈጽማሉ፣ ኦርቶዶክስም ሙስሊምም የሆነ ቤተሰብ ይሄን ቀድሞ ተነጋግሮ ቢወስን ጥሩ ነው። በሕይወት ያለ ሰው መረጃ ለሌላ አይታይም፣ የሞተ ሰው ገጽ ግን የጋራ ነው፣ ሌላ ሰው ገብቶ ሊያስተካክለው ይችላል። የቤተሰብ ስም ሳጥኑም ለፈረንጅ የተሠራ ነው፣ እኛ የአባት ስም ነው ያለን፣ ወንድማማቾች እንጂ አባትና ልጅ አንድ "ላስት ኔም" የላቸውም። የአባት ስም እዛው አስገቡና ማብራሪያው ላይ ጻፉት። ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥ የማትፈልጉ ደግሞ ግራምፕስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ኮምፒውተራችሁ ላይ ብቻ ነው የሚቀመጠው።

ስካነር መግዛት ለማያስፈልጋችሁ፣ የጉግል ፎቶስካን የሚባለው አፕ ነፃ ነው፣ አንዱን ፎቶ ከተለያየ አቅጣጫ ደጋግሞ አንስቶ ነጸብራቁን ያጠፋዋል። አገር ቤት ለእረፍት የምትሄዱ፣ ዘመድ አልበሙን ከቤት ማስወጣት ካልፈለገ፣ እዛው ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ ለመሥራት ከሱ የተሻለ የለም። ጀርባውንም አንሱ። ቪ600ን ይዤ ልሂድ ያለ ሰው ግን አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ቮልቴጅ ሳያነብ 220 ላይ እንዳይሰካው።

የዋጋውን ነገር በተመለከተ፣ ለአንድ ቤት ብቻ ከሆነ ይከብዳል፣ ሥራው ካለቀም በኋላ ይቀመጣል። እኛ አሁን የያዝነው የማኅበር ሰዎች አዋጥተን ገዝተን ከቤት ቤት ማዞር ነው፣ የኛ ሲያልቅ ሽማግሌ ያለበት ቤት ይቀድማል ተብሎ ተራው ወጥቷል። የኔጋቲቭ ማስቀመጫዋ ፕላስቲክ ናት፣ ስታዞሩት ከነካርቶኑ ይሁን እንዳትሰበር።