የባሕር ዳር የሐይቅ ዳር ዓሣ መሸጫዎች፦ ጭንቅላቱን ሳያዩ ገንዘብ አያውጡ

ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚሸጡት ሁሉ ላይ ላዩን ሲታዩ አንድ ናቸው። ሚዛን፣ ቢላ፣ ጣውላ፣ አንድ ባልዲ ውሃ፣ የፌስታል እስር። አንዱን ከሌላው የሚለየው ዓሣው ገዢው ፊት ከነጭንቅላቱ ቀርቦ መቆረጡ ወይም ቀድሞ ፊሌቶ ወጥቶለት ሳህን ላይ መቆየቱ ነው። ፊት ለፊት ቆርጦ የሚሰጠውን ሰው ያለ ማመንታት እንመክራለን። ተከምሮ የሚጠብቀውን ፊሌቶ ግን፣ ሻጩ የቱንም ያህል ፈገግተኛ ቢሆን፣ ባይገዙት ይሻላል። ቆዳው፣ ጭንቅላቱና ስንጥቡ ከሌለ የዓሣው ዓይነትም ሆነ የሞተበት ሰዓት ከሻጩ አፍ በቀር ማስረጃ የለውም።

ጀልባ ሲራገፍ ከመረብ የሚወጣው በአብዛኛው ቀረሶ፣ ነጭ ዓሣና አምባዛ ነው፤ አልፎ አልፎ በሶ ይጨመርበታል። በታንኳ ዳር ዳሩን የሚያጠምዱት ባመዛኙ ቀረሶ ይዘው ይመለሳሉ። በ1986 እ.ኤ.አ. የገቡት ሞተር ጀልባዎችና ረጃጅም መረቦች ደግሞ መሀል ሐይቁን ስለሚያዳርሱ ነጭ ዓሣና አምባዛም ይቀላቅላሉ። እናም «የታንኳ ነው የጀልባ?» ብሎ መጠየቅ ቀላል ጥያቄ ቢመስልም ብዙ ይነግራል። ከሞተር ጀልባ የወረደ ክምር ውስጥ «ሁሉም ቀረሶ ነው» የሚል መልስ ካገኙ እያንዳንዱን እያገላበጡ ይዩ።

ቀረሶ በጀርባው ይታወቃል። የጀርባ ክንፉ አንድ ረጅም ነው፤ የፊተኛው ክፍል እንደ መርፌ የሚወጋ፣ የኋለኛው ለስላሳ። በጎኑ የሚሄደው የነጠብጣብ መስመር መሀል ላይ ተቋርጦ ዝቅ ብሎ እንደገና ይጀምራል፤ ጅራቱ ላይ ቀጫጭን ቋሚ ሰረዞች አሉት። አፉ አጠገብ ጢም የለውም። ነጭ ዓሣ በተቃራኒው የጀርባ ክንፉ አጭር፣ ጅራቱ እንደ መንሽ የተሰነጠቀ፣ ቅርፊቱ ትልልቅና የሚያብለጨልጭ ነው፤ በአፉ ዙሪያ ሁለት ጥንድ ትንንሽ ጢሞች አሉት። ጣት አፉ ውስጥ ቢገባ ጥርስ አይነካም፤ የሚያደቅባቸው ጥርሶች ጉሮሮው ውስጥ ናቸው።

እዚህ ላይ አዲስ ገዢ ግራ ይጋባል። ነጭ ዓሣ የሚባለው አንድ ዓይነት አይደለም፤ አብዛኞቹ ጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙ 15 ያህል ዘመዳሞች የጋራ መጠሪያ ነው። አንዱ ከንፈሩ ወፍራም ነው፣ አንዱ አፉ ሰፊና ታችኛው መንጋጋው ወደ ላይ የቀና፣ አንዱ ጀርባው የጎበጠ። የማያውቁት መልክ ቢያጋጥም ጢሙ፣ አጭሩ የጀርባ ክንፍና የተሰነጠቀው ጅራት ከተገኙ ሥጋው የሚበላ ነው። ምርጫ ካለ ግን አፈ ሰፊዎቹን፣ በተለይ ትልልቆቹን፣ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት አንመርጥም። ሌላ ዓሣ እየበሉ የሚያድጉ ስለሆኑ ሜርኩሪ ሰውነታቸው ውስጥ ይከማቻል፤ ምግብ ማብሰል ሜርኩሪን አያወጣም። ለእነሱ መካከለኛ ቀረሶ ይበቃል።

በሶ የነጭ ዓሣ ዘመድ ነው፤ አፉ ከሥር ሆኖ የታችኛው ጠርዙ ድንጋይ ለመፋቅ የተሳለ ነው። ሆዱ ሲከፈት አንጀቱ ረጅም፣ የሆዱ ግድግዳም ጥቁር ሆኖ ስለሚታይ ብዙ ሰው የተበላሸ መስሎት ይጥለዋል። ደህና ዓሣ ነው፤ ጥቁሩን ሽፋን ጠርጎ ማውጣት ብቻ ነው።

አምባዛን ከነሕይወቱ የሚስት የለም፦ ጭንቅላቱ ጠፍጣፋና ደረቅ፣ ጢሙ ስምንት፣ ቅርፊት የለሽ። አየር መተንፈስ ስለሚችል ከውሃ ወጥቶም ለሰዓታት ይንቀሳቀሳል። በደረት ክንፉ ላይ ያለው መሰንጠቂያ አጥንት እጅ ስለሚበጣ ያልለመደ ሰው ባይዘው ይመረጣል። ሥጋው ጤናማና የሰባ ነው። ችግሩ ሌላ ነው፤ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን ዓሣ ኦሪት ስለሚከለክል ብዙ ምእመን አይቀምሰውም፣ በዚህም ምክንያት በርከስ ያለ ዋጋ ያለውን አምባዛ ቆዳውን ገፎ በሌላ ስም መሸጥ ትርፍ አለው። በዐቢይ ጾም ዓሣ የሚበላውና የማይበላው ሲከራከር ፈላጊ ይበዛል፤ ሳህን ላይ የተከመረ ፊሌቶም የሚበዛው ያኔ ነው።

ፊሌቶውን መግዛት ግድ ከሆነ ቆዳው እንዳይገፈፍ ይዘዙ። ቅርፊቱ የተፋቀ የቀረሶና የነጭ ዓሣ ቆዳ ላይ የቅርፊቱ ኪሶች እንደ መረብ ተሰልፈው ይቀራሉ፤ የአምባዛ ቆዳ ግን ድፍንና ለስላሳ ነው። ቆዳው ከሌለ ሥጋውን በጣት ይፈትሹ። በሥጋው ውስጥ ጫፋቸው ሁለት ቦታ የተሰነጠቀ ቀጫጭን እሾሆች ተበትነው ከተገኙ ነጭ ዓሣ ነው። ቀረሶ እሾህ ያለው መሀል መስመሩ ላይ፣ ያውም ወደ ጭንቅላቱ በኩል ብቻ ነው፤ የውጭ ጎኑ ላይም ቀይ ቡናማ ጭረት ይታያል። እሾህ የለሽ፣ ቀላ ያለና ቢጫ ስብ የተሸከመ ሥጋ አምባዛነቱን ያሳብቃል።

የሂሳቡ ፍተሻም አለ። ከአንድ ቀረሶ የሚገኘው ንጹሕ ፊሌቶ ከሙሉ ክብደቱ ሲሶ ያህል ነው፤ 1 ኪሎ ፊሌቶ ለማግኘት 3 ኪሎ ዓሣ ይጠፋል። የዕለቱን የሙሉ ቀረሶ ዋጋ ጠይቀው በሦስት ያባዙ። «የቀረሶ ፊሌቶ» ከዚያ በእጅጉ ካነሰ ወይ ዓይነቱ ሌላ ነው ወይ ያደረ ነው። ሦስተኛ ማብራሪያ እስካሁን የሰጠ ሻጭ የለም።

ወደ ቢላው እንምጣ፤ የሐይቅ ዳሩ አገልግሎት በእውነት የሚመሰገነው በዚህ ነው። የሠለጠነ ቆራጭ ዓሣውን በጎኑ አስተኝቶ ከስንጥቡ ጀርባ ሰያፍ አድርጎ እስከ አከርካሪው ያስገባል፤ ቢላውን ሳያወጣ ጠፍጣፋ አዙሮ አከርካሪውን ተከትሎ እስከ ጅራት ይጎትታል። ከዚያ ጅራቱን በጣቱ ቆንጥጦ በቆዳውና በሥጋው መካከል ይገፋል። ሆዱ ሳይነካ ሥራው አለቀ። የጀማሪው ጥፋት ቢላውን አጥልቆ የጎን አጥንቱን አልፎ ሆድ ዕቃውን መብሳት ነው። ሐሞቱ ከፈሰሰ አረንጓዴው ነጠብጣብ የነካው ሥጋ ይመራል፤ በውሃ ቢታጠብም አይለቅም፣ ቆርጦ መጣል ነው። አንጀቱ ከተበሳ ደግሞ ባክቴሪያው በቢላው አማካይነት ለሚቀጥለው ዓሣ ይተላለፋል። በአንድ ባልዲ ውሃ ቀኑን ሙሉ ማለቅለቅ የአብዛኞቹ ድክመት ነው፤ ውሃው ከቀላ ፊሌቶው እንዳይታጠብ ይንገሯቸውና ቤት ውስጥ በንጹሕ ውሃ አንዴ አለቅልቀው ወዲያው ያድርቁት።

ትኩስነትን በተመለከተ «ዛሬ ጠዋት የወጣ» የሚለው ቃል እውነት ሆኖም ሊያሳስት ይችላል። መረብ የሚዘረጋው ማታ ነው፣ የሚነሳው ንጋት ላይ፤ መረብ ውስጥ ገብቶ ሌሊት የሞተው ዓሣ ጀልባው ዳር ሲደርስ ሰዓታት አልፈውታል። ስለዚህ ንግግሩን ትተው ስንጥቡን ይክፈቱ። ደማቅ ቀይ ከሆነና ልሃጩ ጥርት ያለ ከሆነ ይግዙ፤ ቡናማ ወይም ግራጫ ሆኖ ልሃጩ ከወፈረ ይተዉት። ዓይኑ ጎላ ያለ፣ ሥጋው ተጭነውት የሚመለስ፣ ሆዱ ያልላላ መሆን አለበት። ሽታው የሐይቅ ሣር ሽታ ነው፤ የሚቆጠቁጥ ሽታ ከመጣ አልፏል። የባሕር ዳር የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት በረዶ የሌለውን ዓሣ ቀን አያሳድርም፤ ረፋድ ላይ ያላለቀ ከሆነ የሚጠየቀው ዋጋው ሳይሆን በረዶው ነው። በረዶ ላይ የሚያስቀምጡት ጥቂቶች ናቸው፤ ትንሽ ቢያስጨምሩም ይገባቸዋል።

ከጣና ያልሆነ ዓሣ ገበያው ላይ ሲታይ ነገሩ ይቀየራል። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ወደ ላይ የሚወጣውን ዓሣ ስለሚያግድ የሐይቁና ከፏፏቴው በታች ያለው ዓባይ ዓሦች የተለያዩ ናቸው። ናይል ፐርች ጣና ውስጥ የለም። «የጣና ናይል ፐርች» የሚል ሻጭ ቢያገኙ ወይ ከጫሞና ከአባያ የመጣ ነው ወይ ትልቅ ነጭ ዓሣ ነው። ናይል ፐርች የጀርባ ክንፉ ለሁለት ሊከፈል የደረሰ፣ ጅራቱ ክብ፣ ዓይኑ ወርቅማ ነው፤ ጢም የለውም።

ከቆላው ወንዝ የማይታወቅ ዓሣ ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ አንድ ቅርጽ ብቻ ያስታውሱ፦ ቅርፊት የለሽ፣ ሲነካ ሆዱን እንደ ኳስ የሚነፋ፣ ጥርሶቹ ተጣብቀው የወፍ መንቁር የመሰሉ። ይህ ዓሣ በናይል ተፋሰስ ይገኛል፤ ዘመዶቹ በባሕርም አሉ። መርዙ በመቀቀልም በመጥበስም አይጠፋም። ለድመት ሰጥቶ ማየት፣ ዝንብ ሲያርፍበት መጠበቅ፣ ድስት ውስጥ ሽንኩርት ወይም ብር ጨምሮ መጥቆሩን ማየት አንዱም መርዝን አይለይም። ስሙን በእርግጠኝነት የሚነግር ሰው ካልተገኘ አይበላም፤ ባሕር ዳር ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከል ለዚህ የሚጠየቅ ቦታ ነው። ፎቶ ሲያነሱ ሙሉ ጎኑን፣ ከፊት አፉን፣ የተዘረጋውን የጀርባ ክንፉንና ርዝመቱን ከማስመሪያ ጋር ያንሱ። በእጅ ተንጠልጥሎ የተነሣ ፎቶ አይለይበትም።

የባሕር ዓሣ እዚህ የሚገኘው በቆርቆሮና በማቀዝቀዣ ነው። ሰርዲኑም ቱናውም ጥሩ ናቸው፤ ያበጠ፣ የዛገ ወይም ስፌቱ የተጎዳ ቆርቆሮ አይገዛም። የቱና ልዩ አደጋ ሂስታሚን ነው፦ ዓሣው ሳይታሸግ በፊት ሙቀት ላይ ከቆየ ይፈጠራል፣ ሽታ አይሰጥም፣ እሳትም አያጠፋውም። አፍ ላይ እንደ ሚጥሚጣ ከቆጠቆጠ ቀሪው ይጣላል፤ ፊት መቅላትና ራስ ምታት የሚከተለው ከደቂቃዎች እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። የቀዘቀዘ እሽግ ውስጥ የበረዶ ፍርፋሪ ከተጠራቀመ መብራት ሄዶ ቀልጦ እንደገና የረጋ ሊሆን ይችላል።

ወደ ጣና እንመለስና ስለ እንቁላል። የቀረሶ እንቁላል ይበላል። የነጭ ዓሣን ግን ይጣሉት። የቅርብ ዘመዶቹ በሆኑት የአውሮፓና የደቡብ አፍሪካ ዓሦች እንቁላል ሰው በትውከትና በተቅማጥ ስለሚታመም ለአንድ ማንኪያ ሲሉ መሞከር ምን ይጠቅማል። በክረምት ይህ ጉዳይ ይበዛል፤ ነጭ ዓሣ ከሰኔ እስከ መስከረም እንቁላል ሊጥል ወደ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራና ርብ ይወጣል። በዚያው ወቅት የብርብራ ዛፍ ፍሬ ደቁሶ ወንዝ ላይ በመበተን ማጥመድ አለ። የብርብራ መርዝ በስንጥብ ስለሚገባ ዓሣውን ሲያፍን ሰውን ያን ያህል አይጎዳም፤ አሳሳቢው ግን በብርብራ ቦታ የእርሻ ኬሚካል የሚጠቀም መኖሩ ነው። መረብ የያዘው ዓሣ ከስንጥቡ ጀርባ ወይም በትከሻው ላይ የክር ጭረት ይኖረዋል። ክር ያልነካው፣ እንቁላል የሞላው የወንዝ ነጭ ዓሣ በክረምት ሲቀርብልዎ ከየት እንደመጣ አጥብቀው ይጠይቁ።

ትል አይቶ ዓሣውን በሙሉ መጣል አያስፈልግም። ቀረሶ ልቡ ያለበት ቦታ ላይ ተጠቅልሎ የሚገኘው ትል ከጭንቅላቱ ጋር ይወጣል፤ ከስንጥቡ ሽፋን ሥር የሚታዩት ቢጫማ እንክብሎችም ተቆርጠው ይጣላሉ። ሆዳቸው ያበጠ ትንንሽ ዓሦች ውስጥ የሚገኘው ነጭ ጥብጣብ የመሰለ ትልም ከሆድ ዕቃው ጋር ይወገዳል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ዓሣው በደንብ ከበሰለ ነው። ጥሬ ዓሣ በአዋዜ የሚወድ ሰው ቀድሞ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ለ7 ቀን ማቆየት አለበት፤ የቤት ፍሪጅ የላይኛው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አይደርስም።

የሐይቅ ዳሩ ምግብ ቤቶች ጥብስ ለዚህ ሁሉ ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ዓሣው ሙሉ ይቀርባል፣ ማየት ይቻላል። ነጭ ዓሣን ያዘዘ ሰው ጎኑ ላይ በጣም ተቀራርቦ የተሸነተረ መሆኑን ይመልከት፤ ሽንትሩ እሾሁን ስለሚሰባብረው ዘይቱ ያደርቀዋል። በሁለት ጣት ስፋት የተሸነተረ ግን ለጌጥ ነው፣ እሾሁ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። አከርካሪው አጠገብ ሥጋው ግልጽ ሮዝ ከሆነ መልሰው ይላኩት፤ ሊያኮርፉ ይችላሉ፣ መልሰው ግን ይጠብሳሉ። ጉላሽና ዱለት የሚታዘዘው ከሚያምኑት ቤት ብቻ ነው፤ ተከትፎ ቅመም የገባበት ዓሣ ስም የለውም።

ወደ መራዊ፣ ዳንግላ ወይም እንጅባራ የሚወስድ ሰው ሆድ ዕቃው የወጣ፣ ጭንቅላቱ ያለ ዓሣ ይግዛ፤ ስንጥቡን ግን ያስወጣ፣ ቀድሞ የሚበሰብሰው እሱ ነው። ወደ ደብረ ማርቆስ መንገዱ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ለ1 ኪሎ ዓሣ 1 ኪሎ የተፈጨ በረዶ ያስፈልጋል፤ ከሥርም ከላይም፣ በሆዱም ውስጥ። ሣጥኑ ከታች ቀዳዳ ይኑረው፤ የቀለጠው ውሃ ዓሣው ላይ ከተኛ ሥጋውን ያላላዋል።