ከኮምቦልቻ ደሴ በማታ፦ የኪራይ መኪናው፣ ኤሌትሪሺያኑና የመብራቱ ነገር

ለእረፍት አገር ቤት ገብታችሁ ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ የምትወርዱ ከሆነ መጀመሪያ የምትፈልጉት መኪና ነው። አከራዮቹ ስለ ነዳጁ፣ ስለ ማስያዣውና ስለ መለዋወጫ ጎማው በደንብ ያስረዷችኋል፤ የፊት መብራቱን ግን ማንም አያነሳውም። ከኮምቦልቻ ደሴ ያለችውን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ማታ ከባድ የሚያደርጋት ደግሞ ከፊት የሚመጣው መብራት ነው።

ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ ወደ 2,500 ትጠጋለች። ይህን ከፍታ በጥምዝ ላይ ጥምዝ እየደረበ የሚያወጣው ሐረጎ የሚባለው ዳገት ነው። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጣው ተሳቢ ኮምቦልቻ ላይ ይደርስና ከፊሉ ወደ አዲስ አበባ ይታጠፋል፣ ከፊሉ ሽቅብ ወደ ደሴና ወልዲያ ይቀጥላል። በአንድ ጥምዝ ላይ ሲኖትራክ፣ አይሱዙ፣ ሚኒባስና አንድ መብራቱ የጠፋ ባጃጅ በአንድ ጊዜ ሊገጥማችሁ ይችላል። ረጅም መብራቱን ዝቅ የሚያደርግ አለ፣ የማያደርግም አለ። ዝቅ አድርጎም የሚያሳውር አለ፤ ችግሩ አምፖሉ ወይም አቅጣጫው ነውና።

የተከራየነው ኮሮላ ሞተሩ ጸጥ ያለ፣ ጎማው ደህና፣ ፍሬኑም አስተማማኝ ነበር። መብራቱ ግን አያስመሰግንም። የፋናው፣ ማለትም አምፖሉን የያዘው የመብራት ቤት፣ ፕላስቲክ በፀሐይ ቢጫ ሆኗል፣ አንዱ ጎን ሃሎጅን (ባለ ክር አምፖል) ሲሆን ሌላው ጎን ነጭ ኤልኢዲ ተገጥሞለታል። እንዲህ ያለ መኪና ለነጂው አያበራለትም፣ ከፊት የሚመጣውን ግን ያሳውራል። የኮሮላው ፋና የተሠራው የሃሎጅን ክር ያለችበትን ቦታ ለክቶ ነው። የኤልኢዲው ቺፕ ከዚያች ቦታ ትንሽ ከራቀ ብርሃኑ ይበተናል፤ አስፋልቱ ላይ መውደቅ የነበረበት ወደ ሌላው ሹፌር ዓይን ይሄዳል። ተቀብላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት መኪናውን ግድግዳ ፊት አቁማችሁ አጭር መብራቱን አብሩ። ጥርት ያለ የብርሃን ጠርዝ ካላያችሁ አምፖሉ ይቀየር በሉ።

ከተጠቀምንባቸው አገልግሎቶች ሁሉ ሙሉ ነጥብ የምንሰጠው ኮምቦልቻ ውስጥ ላገኘነው የመኪና ኤሌትሪሺያን ነው። ገና ሳንጨርስ «አብሽሩ፣ ይስተካከላል» አለና መጀመሪያ ያየው ጎማውን ነበር። የኋላ ጎማ ንፋሱ ካነሰ መብራቱ ወደ ላይ ይቀናል፤ ስለዚህ ንፋሱ ሳይለካ ካቻቢቴ አይነካም። ከዚያ መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ ከግድግዳ 5 ሜትር አራቀው፣ አንድ ሰው የሹፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጠ፣ የፋናውን መሐል ከመሬት ለክቶ ግድግዳው ላይ በጠመኔ አሰመረ። የአጭር መብራቱ የላይኛው ጠርዝ ከመስመሩ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ማረፍ አለበት፤ በ10 ሜትር ርቀት ቢሆን 10 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። የቀኙ ጫፍ ወደ ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ሆን ተብሎ ነው፤ የመንገዱን ዳር እንዲያሳይ። ከፍ የሚለው የግራው ጫፍ ከሆነ ፋናው በግራ ከሚነዳበት አገር የመጣ ነውና በማስተካከል አይድንም፣ መለወጥ አለበት።

አምፖሉ ኤች4 (ረጅሙና አጭሩ መብራት በአንድ አምፖል ያሉበት) ከሆነ 12 ቮልት፣ 60/55 ዋት ግዙ። 100/90 የሚሸጥላችሁ አይጠፋም፤ ሪሌ (ከባድ ኤሌክትሪክ የሚችል ማብሪያ) እና ወፍራም ሽቦ ሳይጨመር ከተገጠመ ሶኬቱ ይቀልጣል፣ የፋናው ውስጥም ይቃጠላል። የአምፖሉን መስታወት በጣት መንካት የለባችሁም፣ የጣት ቅባት ቶሎ ያቃጥለዋል። ሦስቱ የብረት ክንፎች በየቦታቸው ካልገቡ ብርሃኑ ወደ ሰማይ ይሄዳል። አዲስ አምፖል ገብቶም ከደበዘዘ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የዛገ የሽቦ ማያያዣ ነው። ቮልቱ በ10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳልና ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይና አምፖሉ ላይ እንዲለካላችሁ ጠይቁ። ቢጫ የሆነውን ፕላስቲክ በጥርስ ሳሙና የሚያሹ አሉ፤ ብዙ አይቆይም። በውሃ በራሰ ቁጥር 800፣ ከዚያ 1,500፣ ከዚያ 2,000 የብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ በፖሊሽ ሲጨረስ ይሻላል።

ከውጭ ለሚመጣ ሰው ደግሞ ሻንጣው አለ። አራት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ከኋላ ሲጫን የመኪናው ጭራ ይወርዳል፣ አፍንጫው ይነሳል፣ በደንብ የተስተካከለ መብራት እንኳ የሌላውን ዓይን ይወጋል። ብዙ መኪና ላይ ከመሪው አጠገብ ከ0 እስከ 3 የተጻፈበት፣ መብራቱን ዝቅ የሚያደርግ ትንሽ ማዞሪያ አለ። ባዶ ሲሆን 0፣ ሻንጣ ሲሞላ 2 ወይም 3 ላይ ይደረጋል። ወሎ ውስጥ ከፊታችሁ የሚመጣው ሁሉ ብልጭ ብልጭ ካደረገባችሁ ጠበኛ አድርጋችሁ አትዩት፤ መጀመሪያ ይህችን ማዞሪያ እዩ።

ብልጭታው ራሱ ሌላ ቋንቋ ነው። አውሮፓ ውስጥ ብልጭ የሚያደርግላችሁ ብዙ ጊዜ «እለፉ» እያላችሁ ነው። እዚህ ግን ጠባብ ቦታ ላይ ቀድሞ ብልጭ ያደረገ በአብዛኛው «እኔ እየመጣሁ ነው፣ ቁሙ» ማለቱ ነው። ይህን የሚያደባልቅ ሰው ለአደጋ ይጋለጣል።

ሐረጎ ላይ ወደ ግራ የሚታጠፍ ጥምዝ ከሁሉ ይከፋል። በዚያ ጥምዝ የምትሄዱት በውጭኛው በኩል ነው፤ ከፊት የሚመጣው መኪና አፍንጫው ወደ እናንተ ይዞራል፣ የመብራቱ ከፍ ያለው የቀኝ ጫፍም በቀጥታ ፊታችሁ ላይ ያርፋል። መብራቱን ዝቅ ያደረገ ጨዋ ሹፌርም እንኳ እዚያ ላይ ያሳውራል። ጥምዙ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ፍጥነት ቀንሱ፤ መብራቱ ዓይናችሁ ውስጥ ከገባ በኋላ ፍሬን መያዝ ዘግይቷል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ5 ሴኮንድ ከ80 ሜትር በላይ ይጓዛል፣ አጭር መብራት በግልጽ የሚያሳየው ግን ከዚያ ያነሰ ነው። ዓይናችሁን ወደ ቀኝ የመንገዱ ዳር አውርዱ፣ ያንን ጠርዝ ይዛችሁ እለፉ። ረጅም መብራት በረጅም መብራት መመለስ ግን ሁለት የታወሩ ሹፌሮችን በአንድ ገደል አፋፍ ላይ ማገናኘት ነው። አንዴ ብልጭ አድርጉ፤ ካልሰማ ተዉት።

ተሳቢ ወይም አይሱዙ ከተበላሸ ሹፌሩ ከኋላው ድንጋይ ይደረድራል። ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩ ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል። የሚያሳውር መብራት ካለፈ በኋላ ያሉት ጥቂት ሴኮንዶች ድንጋዩ የማይታይባቸው ናቸው፤ ዓይን እስኪመለስ ድረስ ነዳጅ አትርገጡ። በክረምት ደሴ አካባቢ ጉም ሲወርድም ረጅም መብራት መልሶ ራሳችሁ ላይ ነጭ ግድግዳ ይሠራል፤ በአጭር ሂዱ።

መኪና እጥበቱ ከውጭ በኩል ጥሩ ነው፤ የፊት መስታወቱን ከውስጥ ግን ካልጠየቃችሁ አያጥቡትም። ከዳሽቦርዱ የሚነሳው ስስ ቅባት መስታወቱ ላይ ይቀመጥና እያንዳንዱን መብራት ኮከብ ያደርገዋል። በንጹህ ጨርቅና ውሃ፣ ከዚያ በደረቅ ጋዜጣ ይወለወል። «የማታ መነጽር» እየተባለ የሚሸጠውን ቢጫ መነጽር አትግዙ። የሚያሳውረውን ሲቀንስ እግረኛውንም አብሮ ይሸፍንባችኋል።

ከሹፌር ጋር ለመከራየት ካሰባችሁ በቀን የሚያመላልስ ብቻ ሳይሆን ሐረጎን በማታ የለመደ ምረጡ። የሰዓት እላፊ መኖር አለመኖሩን በዕለቱ ጠይቁ። ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ መጨላለም ይጀምራልና ከኮምቦልቻ 11 ሰዓት ላይ መነሳት ይህን ሁሉ ያስቀራል። መኪናውን ስትመልሱም የገዛችሁትን 60/55 አምፖል አትንቀሉት፤ ለሚቀጥለው ተከራይ፣ ከፊቱ ለሚመጣውም ሹፌር ይቆይላቸው።