ለጀልባ ወለል፦ ፎም ወይስ ኮምፔንሳቶ?

የፋይበርግላስ ጀልባ ወለል ሲረገጥ ከረገበ፣ ብዙ ጊዜ በሁለቱ የፋይበርግላስ ንብርብሮች መካከል ያለው እንጨት በስብሷል። ቆርጠው ካወጡት በኋላ በምን ይተካ?

12 ሚሊሜትር የባሕር ኮምፔንሳቶ (ውሃ በሚቋቋም ሙጫ የተጣበቀው ዓይነት) በካሬ ሜትር ከ6 እስከ 7 ኪሎ ይመዝናል፤ በኪዩቢክ ሜትር 80 ኪሎ የሚመዝነው የፒቪሲ ፎም በዚያው ውፍረት 1 ኪሎ ገደማ ነው። ኮምፔንሳቶ ርካሽ ነው፣ ብሎንም አጥብቆ ይይዛል። ጠላቱ ውሃ ነው፤ በአንድ ያልታሸገ ቀዳዳ ገብቶ ውስጥ ለውስጥ ይስፋፋል።

ፎም አይበሰብስም፤ ለሰፊው መራመጃ ያለ ማመንታት እሱን እንመርጣለን። (የዕቃ ማሸጊያው ነጭ ፎም ግን አይሆንም፤ ፋይበርግላስ የሚጣበቅበት ፈሳሽ፣ ፖሊስተር ሬዚን፣ ሲነካው ይሟሟል።) የፒቪሲ ፎም ብቻውን ደካማ ስለሆነ ጥንካሬው የሚመጣው ከላይና ከታች በደንብ ከተጣበቀው ፋይበርግላስ ነው። በሲሊካ ዱቄት የወፈረ ኤፖክሲ (ከማጠንከሪያው ጋር ሲደባለቅ የሚደርቅ ጠንካራ ሙጫ) በታችኛው ፋይበርግላስ ላይ ጥርስ ባለው መቀቢያ ይቀባል፤ ፎሙ በየቦታው በትናንሹ ተበስቶ ይቀመጥና ክብደት ይጫንበታል። ኤፖክሲው በቀዳዳዎቹ ብቅ ካላለ ከሥሩ አየር ቀርቷል፤ ውሎ አድሮ የሚላቀቀው እዚያ ጋ ነው።

የገመድ ማሰሪያው ብረት በሚታሰርበት ቦታ ፎም በብሎኑ ጥብቀት ይጨፈለቃል። እዚያ ፎሙን አውጥቶ በወፈረ ኤፖክሲ መሙላት፣ ሲደርቅ መብሳት ግድ ነው። ኮምፔንሳቶ ለመረጠም ይኸው ዘዴ ውሃው እንጨቱን እንዳያገኘው ያደርጋል።